ግልጽ ደብዳቤ፦ የጣሪያ ሠሪ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩልን

ይድረስ በዳላስ፣ በጋርላንድና በአካባቢው ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ እድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ቤት ላላችሁ ወገኖቼ ሁሉ።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሁለት ነገር ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። አንደኛ፣ ማንነቱን ሳታጣሩ የማንንም ጣሪያ ሠሪ ስም ከመድረክ አትጥሩልን፣ ካርዱንም መግቢያ በር ላይ አታስቀምጡልን። ሁለተኛ፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር ውል የሚያነብለት ያጣ ወገን መጥቶ የሚጠይቅበት አንድ ጠረጴዛ ክፈቱልን። ለምን ይህን እንደምል ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ።

እዚህ ሰሜን ቴክሳስ ማዕበል አዲስ ነገር አይደለም። በ2015 ዲሴምበር 26 ማታ ጋርላንድና ራውሌት ላይ የወረደው ቶርኔዶ 10 ሰው ገድሏል። በ2016 ኤፕሪል ዋይሊ ላይ የሶፍትቦል ኳስ የሚያህል በረዶ ወርዶ የስንቱን ጣሪያ በስቷል። በ2019 ኦክቶበር 20 ሌላ ቶርኔዶ ሰሜን ዳላስን አቋርጦ ሄደ። በ2024 ሜይ 28 ጠዋት ደግሞ ነፋሱ በአካባቢያችን ከ600 ሺህ በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጣ። የጠራሁት ትልልቆቹን ብቻ ነው። በየጸደዩ የሚወርደውን ተራ በረዶማ ማን ይቆጥረዋል።

በማግስቱ ታዲያ በር ይንኳኳል። ፒካፕ መኪና ከደጅ ይቆማል፣ መሰላል ይወርዳል። "የጎረቤትዎን ጣሪያ እየሠራን ነው፣ የእርስዎንም በነጻ እንይልዎ" ይባላል። ከነዚህ ውስጥ እውነተኛ ሠራተኛ አለ፤ በረዶ በወረደበት ከተማ ሁሉ እየዞረ፣ ቼክ ሰብስቦ፣ ስልኩን ዘግቶ የሚሄድም አለ። ከታች ቆሞ ማን ማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል።

የሚያስገርመው ደግሞ ስቴቱ ራሱ አይለይልንም። ቴክሳስ ውስጥ ኤሌክትሪሻን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የቧንቧ ሠራተኛም ያስፈልገዋል። ኤሲ የሚጠግነውም፣ ጸጉር የሚቆርጠውም እንዲሁ። ጣሪያ የሚሠራው ግን ከስቴቱ ፈቃድ አይጠየቅም። አንድ መኪናና አንድ መሰላል ያለው ሰው ነገ ጠዋት ካርድ አሳትሞ ጣሪያ ሠሪ ነኝ ማለት ይችላል። "ላይሰንስ አለኝ" የሚል ካጋጠማችሁ ከማን እንደሆነ ጠይቁት። የሙያ ማኅበር በፍላጎት የሚሰጠው ምስክር ወረቀት አለ፣ እሱም ጥሩ ነው፣ የስቴቱ ፈቃድ ግን አይደለም።

ስለዚህ ሰው በምን ይተማመናል? በሰው ምስክርነት። የእኛ ሰው ደግሞ በማን ምስክርነት እንደሚተማመን እናንተ ታውቃላችሁ። በእናንተ ነው።

አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም። ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው፣ እሳቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በረዶ ከወረደ በኋላ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሰው በራቸውን አንኳኳ። ስሙን ከዚያ በፊት በአንድ የማኅበረሰብ ዝግጅት ላይ ሲጠራ ሰምተውታል። አስገቡት፣ ቡና አፈሉለት። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ወረደና ታብሌት አውጥቶ "መውጣቴን ለማረጋገጥ ብቻ ነው፣ እዚህ ጋ በጣትዎ ይፈርሙልኝ" አላቸው። ፈረሙ። ኢንሹራንሱ የካሳ ጥያቄውን (ክሌሙን) ካጸደቀ በኋላ ዋጋ ለማወዳደር ሌላ ሰው ሲጠሩ ደብዳቤ መጣባቸው። ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ መነጽር አድርገውም በማያዩት ፊደል፣ ኢንሹራንሱ ካጸደቀ ሥራው የእሱ ነው ይላል። ውሉን ካፈረሱ ደግሞ ከጸደቀው ገንዘብ 20 በመቶ ይከፍላሉ ይላል። ስተረጉምላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ ስሙ እዚያ ሲጠራ ሰምቼ እኮ ነው ያስገባሁት" አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ ንግግር ነው። ስሙን የጠሩት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ምናልባት ለበዓሉ ዝግጅት ስፖንሰር ሆኖ ይሆናል፣ እንደ ወጉ ተመሰገነ፣ አበቃ። ግን እሳቸው የሰሙት ምስጋና ሳይሆን ዋስትና ነው። አንድ ድርጅት ለበዓል ገንዘብ ስለሰጠ ብቻ ስሙ በምእመን ወይም በአባላት ፊት ሲጠራ፣ አዳማጩ "እነሱ አጣርተውታል" ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ማንም ግን አላጣራም።

ያ ሰው የጣሰው ሕግም አለ፣ ይህን ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት አንድ ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ ካስፈረማችሁ፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፣ እሑድና የፌዴራል በዓላት ግን አይቆጠሩም። ሻጩ ይህ መብት እንዳላችሁ መንገርና የመሰረዣ ቅጽ በሁለት ቅጂ መስጠት አለበት። ከዚህም በላይ ውሉ ወይም ደረሰኙ ሻጩ በዋናነት ባስረዳበት ቋንቋ መሰጠት አለበት። ልብ በሉ፤ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ በአማርኛ ያሳመነን ሰው በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት አስፈርሞን መሄድ አይችልም ማለት ነው። አማርኛ በሚናገር ኮንትራክተር ተስማምታችሁ የአማርኛ ውል የተሰጣችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ እስካሁን አንድም አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው የሚያስፈርመው "ዲደክቲብልዎን እኛ እንችልዎታለን" የሚለው ቃል ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሒሳቡን ላሳያችሁ።

ዲደክቲብል ከጉዳቱ ወጪ ላይ እኛ ከኪሳችን የምንሸፍነው ድርሻ ነው። የመኪናው አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ ገንዘብ ነው፤ 500 ወይም 1,000 ዶላር። የቤቱ ግን ቴክሳስ ውስጥ ለነፋስና ለበረዶ ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ነው የሚቀመጠው። ፐርሰንቱ ደግሞ የሚታሰበው ቤቱ ኢንሹር በተደረገበት ገንዘብ ላይ ነው እንጂ በደረሰው ጉዳት ላይ አይደለም። ቤታችሁ በ400 ሺህ ዶላር ኢንሹር ተደርጎ የኢንሹራንስ ውሉ (ፖሊሲው) 2 በመቶ ካለ፣ ድርሻችሁ 8 ሺህ ዶላር ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው በረዶው ከወረደ በኋላ ነው። ይደነግጣል። በደነገጠበት ሰዓት ነው እንግዲህ ያ ሰው "እሱን ተዉት፣ እኛ እንችላለን" የሚለው፤ ያኔ እግዜር የላከለት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ጣሪያውን መቀየር 22 ሺህ ዶላር ይፈጃል እንበል። ጣሪያው ስላረጀ ኢንሹራንሱ 7 ሺህ የእርጅና ቅናሽ አድርጎ ይይዛል። የእናንተን 8 ሺህም ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚመጣው ቼክ 7 ሺህ ነው ማለት ነው። ፖሊሲያችሁ የመተኪያ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ ሥራው አልቆ ደረሰኝ ስትልኩ የተያዘው 7 ሺህ ይለቀቅላችኋል። 14 ከኢንሹራንስ፣ 8 ከእናንተ፣ ድምሩ 22። እንግዲህ ያ ሰው 8 ሺውን አትክፈሉ ካላችሁ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከሁለት ቦታ ብቻ ነው። ወይ ለኢንሹራንሱ የሚልከውን ሒሳብ ያሳብጣል፤ ያልሠራውን ሠራሁ፣ ያልቀየረውን ቀየርኩ ይላል። ወይ 22 ሺህ ተብሎ የ14 ሺህ ጣሪያ ይሠራላችኋል። ከሥር የበሰበሰውን ጣውላ አይቀይርም። ጣሪያውን ከላይ ከሚሸፍነው ንጣፍ፣ ከሺንግሉ፣ በታች መነጠፍ ያለበትን አያነጥፍም። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለውን ዝገት የበላው ቆርቆሮ መልሶ በማስቲሽ ይለጥፈዋል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ጣሪያው አዲስ ነው። ውሃው መግባት የሚጀምረው ቆይቶ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ስልኩ አይነሳም።

የቴክሳስ ሕግ ከ2019 ሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ይህን በግልጽ ከልክሏል። ዲደክቲብልን እችላለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ እመልሳለሁ ብሎ ውል የሚይዝ ኮንትራክተር ወንጀል ነው የሚሠራው፤ እስከ 2,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 180 ቀን እስራት ያስከትልበታል። ኢንሹራንሱም ድርሻችሁን መክፈላችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ የተመነዘረ ቼክ፣ የክሬዲት ካርድ መግለጫ የመሳሰለውን። እያወቁ ሐሰተኛ ሒሳብ ያስገቡ ቤት ባለቤቶችም ከተጠያቂነት አይድኑም። እባካችሁ ይህን ለእናቶቻችን ንገሯቸው፣ ምክንያቱም "ይቅርብዎት፣ እኛ እንሸፍነዋለን" ሲባል እንደ ደግነት ነው የሚሰማው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላላችሁ በየወሩ ለመክፈል መዋዋል ይቻላል፤ ሙሉው ድርሻ እስከተከፈለ ድረስ ሕጉ ይፈቅደዋል። ሐቀኛ ሠሪ ይህን ራሱ ይነግራችኋል።

ሌላው ነገር ያ "ነጻ ምርመራ" የሚሉት ነው። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው እዚያ ምን እንደሚሠራ ከታች አይታይም። ጉዳት ያጣ አንዳንዱ ጉዳት ይሠራል፣ በመዶሻ። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ካዩት አይጠፋም። የበረዶ ምት የተበታተነ ነው፣ ትልቅም አለው ትንሽም አለው። ከሺንግሉ ላይ አሸዋ መሳዩ ፍሬ ተራግፎ ከሥር ያለው ጥቁር ይወጣል፣ በጣት ሲጫኑት ለስለስ ይላል። የመዶሻው ግን ሁሉም አንድ ልክ ነው። ጠርዙ ክብና ጥርት ያለ ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ እጁ በደረሰበት ቦታ ላይ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። በሳንቲም የሚፍቁም አሉ።

ይህን ለማጣራት መሰላል መውጣት አያስፈልግም፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች እባካችሁ አትውጡ። ጉተሩን፣ ማለትም የጣሪያውን ውሃ መውረጃ እዩ። ውጭ ያለውን የኤሲ ኮንዴንሰር ዙሪያውን የሸፈነውን ስስ ብረት እዩ። የፖስታ ሳጥኑን እዩ። ጣሪያ የሚያበላሽ በረዶ ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሳይሰረጉድ አያልፍም። ጉተሩ ሙልጭ ያለ፣ ኤሲው ደህና ሆኖ ጣሪያው ብቻ "አልቋል" ከተባለ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማንም ከመውጣቱ በፊት በስልካችሁ ዙሪያውን ፎቶ አንሱ። የሚወጣውን ሰው ደግሞ መሰላሉን ከወጣበት ጀምሮ እስኪወርድ ሳያቋርጥ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ጠይቁት። እምቢ ካለ ይሂድ። ውሃ እየገባ ከሆነ ግን አትጠብቁ፤ ሸራ አስደርባችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ ለጊዜያዊ መከላከያ ያወጣችሁትን ተገቢ ወጪ ኢንሹራንሱ ከክሌሙ ጋር ያየዋል። የተበላሸውንም ዕቃ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች (አጀስተሩ) ሳያየው አትጣሉ።

ስለ ገንዘብ አከፋፈል ደግሞ አንድ የራሳችን ልማድ አለ። እኛ ቀብድ ለምደናል። አገር ቤት በርና መስኮት ሲሠራ ቀብድ ሳይሰጥ ሥራ አይጀመርም፣ ባለሙያው ብረቱን የሚገዛው በቀብዱ ነውና። ልማዱ በራሱ ነውር የለውም። እዚያ ግን የባለሙያው ሱቅ የት እንዳለ እናውቃለን፣ ቢጠፋ ቤተሰቡን እንጠይቃለን። እዚህ የምናውቀው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የቴክሳስ ሕግ ደግሞ ከእኛ ልማድ የበለጠ ጥብቅ ነው። የስቴቱ ገዥ የተፈጥሮ አደጋ ባወጀበት ቦታ፣ በካውንቲያችሁ ወይም በአጎራባች ካውንቲ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሥራ አድራሻ ያልነበረው ኮንትራክተር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሙሉም ሆነ ከፊል ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ከጀመረም በኋላ የሚጠይቀው ከሠራው ሥራና ካመጣው ዕቃ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። "ዕቃ ልግዛበት፣ ግማሹን ስጡኝ" ሲባል ይህን አስታውሱ። ከካውንቲያችን የሆነም ቢሆን ሺንግሉ ግቢያችሁ ሳይራገፍ ብዙ ገንዘብ አትስጡት።

የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ "ጀርባውን ፈርመው ይስጡኝ፣ ቀሪውን እኛ እንጨርሳለን" ለሚል ሰው ቼኩን አትስጡ። ብዙ ጊዜ የሞርጌጅ ባንኩም ስም ቼኩ ላይ ይኖራል። ባንኩ ገንዘቡን በየደረጃው፣ ሥራው እየታየ ይለቃል። ሰው ይህን ሲሰማ ይበሳጫል፣ እውነትም ያዘገያል፣ ነገር ግን ያ መዘግየት ስንቱን ከመበላት አድኗል። ሥራው አልቋል የሚለውን ወረቀትም በመጨረሻው ቀን፣ ዞር ብላችሁ አይታችሁ፣ ፍርስራሹ ተነስቶ፣ ሚስማሩ ከሣሩ ላይ ተለቅሞ ሲያልቅ ብቻ ፈርሙ። ሠራተኞቹ ገና ጣሪያ ላይ ሳሉ "ለባንኩ ነው፣ ፎርማሊቲ ነው" እያሉ የሚያስፈርሙ አሉ፣ የተያዘው ገንዘብ የሚለቀቀው በዚያ ፊርማ ስለሆነ። ከከፈላችሁም በኋላ ሺንግል አቅራቢውና ሠራተኞቹ ሒሳባቸውን እንደተቀበሉ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኮንትራክተሩ ሳይከፍላቸው ከጠፋ ዕዳው ዞሮ ቤታችሁ ላይ ሊመዘገብ ይችላል።

"እኔ ከኢንሹራንሱ ጋር እከራከርልዎታለሁ" የሚለውም ልክ አይደለም። ስለ ክሌማችሁ ወክሎ የሚደራደር ሰው የፐብሊክ አጀስተር ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ይህ ፈቃድ ከስቴቱ የሚሰጥ ነው። የሚጠይቀውም ከክሌሙ 10 በመቶ መብለጥ አይችልም። በአንድ ቤት ላይ ሁለቱንም፣ ማለትም ሠሪም ተደራዳሪም መሆን ክልክል ነው። የቴክሳስ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2024 ጁን ይህን ሕግ አጽንቶታል። ኮንትራክተሩ አጀስተሩ ሲመጣ ተገኝቶ ጉዳቱን ማሳየትና ስለ ዋጋው ማስረዳት ይችላል። እናንተን ወክሎ መደራደር ግን አይችልም። ከፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ከፌማ፣ ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣም በሩን ዝጉበት። ፌማ ለማመልከቻም ለምርመራም አያስከፍልም፣ ለየትኛውም ኮንትራክተር ምስክር አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስል የእኛን ሐቀኛ ባለሙያዎች ላስከፋ አይደለም። አውቃቸዋለሁ። በሐምሌ ሐሩር ጣሪያ ላይ ውለው፣ ተቃጥለው፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ ልጆች አሉን። ዲደክቲብሉን መክፈል አለባችሁ ብለው እውነቱን ስለተናገሩ ብቻ ሥራ የሚቀሙት እነሱ ናቸው። አጭበርባሪው በነጻ እሠራለሁ ሲል ሰው ወደ እሱ ይሄዳል። ማጣራት ከተጀመረ መጀመሪያ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ይህን ጥያቄ አብረውኝ እንደሚጠይቁ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግዲህ የምለምናችሁን በግልጽ ላስቀምጠው። አንድ ኮንትራክተር ካርዱን ሊያስቀምጥ ወይም ስፖንሰር ሊሆን ሲመጣ መጀመሪያ የኢንሹራንስ ማስረጃውን ጠይቁት። ወረቀቱን ከእሱ እጅ አትቀበሉ፤ የኢንሹራንስ ወኪሉ በቀጥታ ለእናንተ ይላክ፣ ፎቶ ኮፒ በቀላሉ ይቀየራልና። ለሠራተኞቹ የጉዳት ኢንሹራንስ እንዳለውም ጠይቁ፣ ቴክሳስ የግል ቀጣሪዎችን ስለማታስገድድ ብዙዎቹ የላቸውም። የፖስታ ሣጥን ያልሆነ የሥራ አድራሻውን፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የሠራቸውን ቤቶች፣ ደንበኛ የሚያስፈርምበትን ባዶ ውል ያምጣ። ያለፈው ሳምንት ደንበኛ ብዙ አይነግራችሁም፤ ጣሪያ የሚፈተነው ሁለት ክረምት ካሳለፈ በኋላ ነው። ይህን ማምጣት ያቃተው ሰው ስሙ አይጠራ። ገንዘቡን ለመቀበል ከፈለጋችሁ ተቀበሉ፣ ግን "ይህ ማስታወቂያ ነው፣ አላጣራንም" ብላችሁ በአማርኛ ተናገሩ።

ጠረጴዛው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። በረዶ በወረደበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ከአዳራሹ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛና እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሁለት ልጆች በቂ ናቸው። በመካከላችን ኢንሹራንስ ድርጅት የሚሠሩ አሉ፣ ሪል እስቴት የሚሠሩ አሉ፣ ጠበቆችም አሉ። የሕግ ምክር ስጡን እያልኩ አይደለም። ውሉን ጮክ ብሎ በአማርኛ የሚያነብ፣ ፖሊሲው ላይ ዲደክቲብሉ ስንት እንደሆነ በጣቱ የሚያሳይ፣ ወደ ኢንሹራንሱ ሲደወል አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው የጎደለን። ሰውም አንድ ነገር ይነገረው፤ ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርም፣ ታብሌት ላይም ቢሆን። ከተማው ለጣሪያ ሥራ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነም በዚያው ወደ ከተማው የሕንጻ ክፍል ደውሎ ማወቅ ይቻላል።

የመጨረሻው የሚከብደኝ ነው፣ ግን ሳልጽፈው አላልፍም። አንድ ሰው በወገኑ ሲታለል መጀመሪያ የሚመጣው ሽማግሌ ነው። "የአገር ልጅ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ስሙን አታጥፉበት፣ እንነጋገር።" ሽምግልናን አከብራለሁ፣ ስንት ትዳርና ስንት ወዳጅነት አትርፎልናል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የማየው ሌላ ነው። ተበዳዩ በይሉኝታ ዝም ይላል፣ ገንዘቡ በከፊል እንኳ አይመለስም፣ ያም ሰው በሚቀጥለው ጸደይ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል። ወደ እኚያ እናት የመጡት ሽማግሌዎች "ለእግዚአብሔር ስጡት" ነው ያሏቸው። እግዚአብሔር የሚፈርደውን ይፈርዳል፤ ሌላዋ እናት እንዳትታለል ግን አቤቱታ መጻፍ አለበት። ሽምግልናው ይቀጥል፣ አቤቱታውም ይግባ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሽማግሌ ሆናችሁ ስትቀመጡ ተበዳዩን "ለመንግሥት አትንገር" አትበሉብን፣ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

የኢንሹራንስ ነገር ከሆነ የቴክሳስ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በ800-252-3439 ይገኛል። ኮንትራክተር ገንዘብ በልቶ ከጠፋ ደግሞ የቴክሳስ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል 800-621-0508 ነው። ስትደውሉ መጀመሪያ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ። ውሉን፣ የቼኩን ኮፒ፣ የጽሑፍ መልእክቶቹን ሰብስባችሁ ያዙ። በስልክ የተባለውንም ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

የሚቀጥለው የበረዶ ወቅት ማርች ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በየቦርዳችሁ ተነጋግራችሁ፣ ካርድ ስለመቀበልና ስለ ጠረጴዛው የወሰናችሁትን ለአባሎቻችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጠረጴዛው ከተከፈተ እኔም መጥቼ አነባለሁ፣ አብረውኝ ለመቀመጥ ቃል የገቡም አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጋርላንድ ነዋሪ